የአንዲት በርጩማ ሂሳብ፦ አካውንቲንግን፣ ማኔጅመንትንና የማምረቻ ሂደትን አንድ ላይ መለማመጃ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ለመውጫ ፈተና ሲዘጋጅ እኔ ቤት ከረመ። የአካውንቲንግ ተማሪ ነው፤ ጎበዝ ነው። አንድ ማታ የብሬክ ኢቨን ጥያቄ ጠየቅኩት፤ ሳይከስሩም ሳያተርፉም ለመውጣት ስንት ዕቃ መሸጥ አለበት የሚለውን። "ቋሚ ወጪ 30,000 ብር፣ የአንዱ ዕቃ ተለዋዋጭ ወጪ 1,250፣ መሸጫው 1,750..." ሳልጨርስ "60!" አለኝ። ልክ ነው። "እሺ፣ 1,250ዋ ከየት መጣች?" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ "ተሰጥቷል" አለኝ።

መልመጃ ላይ ሁሉም ነገር ተሰጥቷል። ሥራ ላይ ስትገቡ ግን ቁጥር የሚሰጣችሁ የለም። ከብረቱ፣ ከደረሰኙ፣ ከበያጁ ሰዓት ላይ ራሳችሁ ትለቅሙታላችሁ። ስለዚህ ከልጁ ጋር መጽሐፉን አስቀመጥንና 1,250ዋን ከባዶ ፈለግናት። የሄድንበትን መንገድ እንዳለ እጽፍላችኋለሁ። ደብተር፣ ሜትርና ካልኩሌተር ይበቃል። ኤክሴል ለጊዜው ይቅር፤ ስህተታችሁን ይደብቅባችኋል።

ዋጋዎቹ ለመለማመጃ የተመረጡ ናቸው። የሰፈራችሁን ዋጋ ጠይቃችሁ ተኩበት።

1. ዕቃ ምረጡና ለኩት

ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ ዕቃ ይሁን። የግቢ በር ለጀማሪ ያደክማል። እኛ የመረጥነው ከባለ 30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ የሚሠራ፣ ከላይ ፕላይውድ ያለው የብረት በርጩማ ነው። ቁጭ ብለንበት ስለነበር ለመለካት ሩቅ አልሄድንም።

አራት እግር፣ እያንዳንዱ 45 ሳንቲ ሜትር። ከላይ እግሮቹን የሚያገናኙ አራት ማገሮች፣ እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር። ከታች ደግሞ ሌላ አራት ማገር፣ እነሱም 30። መቀመጫው 36 በ36 ነው። ለምን 36? 30ው ማገር በሁለት እግሮች መካከል ነው ያለው፤ የሁለቱን እግር ውፍረት 3 እና 3 ጨምሩበት። ልጁ መጀመሪያ 30 በ30 ብሎ ጽፎ ነበር። እንደዚያ ቢቆረጥ ፕላይውዱ በእግሮቹ መሃል ይወድቃል።

ድምር፦ 4 × 45 = 180፣ 8 × 30 = 240። ለአንድ በርጩማ 420 ሳንቲ ሜትር ብረት።

2. ስንት ቤርጋ እንግዛ?

ይህን ጥያቄ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል።

10 በርጩማ ታዟል። አንድ ቤርጋ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዘንግ ቱቦላሬ፣ 6 ሜትር ነው። 10 × 420 = 4,200 ሳንቲ ሜትር። ለ600 ሲካፈል 7። ቁልጭ ያለ 7፣ ያለ ትርፍራፊ። ፈተና ላይ 7 ብትሉ ምናልባት ልክ ትባሉ ይሆናል። ወርክሾፕ ውስጥ ግን አሥረኛው በርጩማ ሳያልቅ ብረት ያልቅባችኋል።

ምክንያቱ የመቁረጫ ዲስኩ ነው። በእያንዳንዱ ቁርጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብረት ብናኝ ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ 45ቱ እግር የሚፈጀው 45.3 ነው፤ 30ው ማገር 30.3። ከአንድ ቤርጋ 20 ማገር እናወጣለን ብትሉ 600 ሞልቶ ለዲስኩ ምንም አልተረፈም። የሚወጣው 19 ነው።

አሁን የአቆራረጥ ዕቅድ አውጡ። 40 እግርና 80 ማገር ያስፈልጋል። ሁሉም ርዝመት የ15 ብዜት ስለሆነ ከአንድ ቤርጋ ቢበዛ 585 ሳንቲ ሜትር ጥቅም ላይ ይውላል። እያንዳንዱን ቤርጋ እስከ 585 የሚሞላ ቅንብር ፈልጉ። እኛ ከብዙ ስርዝ ድልዝ በኋላ ያገኘነው ይኸውላችሁ፦

2 ቤርጋ፦ ከእያንዳንዱ 13 እግር
4 ቤርጋ፦ ከእያንዳንዱ 1 እግርና 18 ማገር
1 ቤርጋ፦ 9 እግርና 6 ማገር
ከስምንተኛው ቤርጋ፦ 1 እግርና 2 ማገር

እግሩን ደምሩ፦ 26 + 4 + 9 + 1 = 40። ማገሩን ደምሩ፦ 72 + 6 + 2 = 80። ገጠመ።

ከስምንተኛው የተቆረጠው 105.9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 494 ገደማ ለሚቀጥለው ሥራ ይተርፋል። ከሰባቱ የቀረው ቁርጥራጭ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ያንን ከቆራሌው በቀር የሚፈልገው የለም።

እግሩን በሙሉ መጀመሪያ፣ ማገሩን ኋላ ብትቆርጡም 8 ቤርጋ ይበቃል። ግን ከስምንተኛው የሚተርፈው 448 ይሆናል፤ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ብረት በዝርክርክነት ሄደ ማለት ነው። ሌላ ቀን 100 በርጩማ ሲታዘዝ አስቡት።

ፕላይውዱም ያው ወጥመድ አለው። አንድ ሙሉ ፕላይውድ 122 በ244 ነው። በስፋት ብታካፍሉት፣ 122 × 244 ሲካፈል ለ36 × 36፣ 22 መቀመጫ ይወጣል ትላላችሁ። ሥላችሁ እዩት እስቲ። ከመጋዝ ቁርጡ ጋር በወርዱ 3፣ በቁመቱ 6። በድምሩ 18። አራቱ መቀመጫዎች ያሉት ካልኩሌተር ውስጥ ብቻ ነው።

በመሃል አንድ ነገር፦ ብረቱን መዝኑት

ይህ ከመልመጃው ውጪ ነው፤ ግን አንዴ ተበልቼበታለሁ። "ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው" ተብዬ የገዛሁት ቱቦላሬ ሲበየድ እንደ ወረቀት ይበሳ ነበር። በያጁ በኤሌክትሮዱ፣ እኔ በበያጁ ስናማርር ዋልን። ኋላ ሲመዘን ነገሩ ተገለጠ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የውጩ 30 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 1.5 ከሆነ የውስጡ ክፍተት 27 ነው። 30 × 30 = 900፣ 27 × 27 = 729። ልዩነቱ 171 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1.71 ካሬ ሳንቲ ሜትር። በ600 ስታበዙት 1,026 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር። ብረት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 7.85 ግራም ስለሚመዝን አንዱ ቤርጋ 8 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሚዛኑ 6.5 ካለ የያዛችሁት ባለ 1.2 ነው። ራሳችሁ አስልታችሁ አረጋግጡ፤ ጥሩ መልመጃ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

3. የአንዱን በርጩማ ወጪ ሰብስቡ

አንድ ቤርጋ ቱቦላሬ ያለ ቫት 900 ብር ነው እንበል። የተጠቀምነው 7 ቤርጋ ከ105.9 ሳንቲ ሜትር ነው። 7 × 900 = 6,300። ለትንሿ ቁራጭ 160 ገደማ። ድምር 6,460። ብናኙና 10 ሳንቲሟ ቁርጥራጭም እዚህ ውስጥ ገብተዋል፤ በርጩማው ነው የበላቸው። ቆራሌው የሚከፍላችሁ ካለ ከዚህ ላይ ቀንሱ።

ሙሉ ፕላይውድ 4,320 ብር ከሆነ፣ ለ18 ሲካፈል አንዱ መቀመጫ 240፣ አሥሩ 2,400። ለ22 ብታካፍሉት 196 ይመጣና በየበርጩማው 44 ብር ሳታውቁት ትከስራላችሁ።

ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ አንቲራስትና ቀለም ለአሥሩ 1,140። እንግዲህ 6,460 + 2,400 + 1,140 = 10,000። ለአንዱ በርጩማ 1,000 ብር ዕቃ።

የእጅ ዋጋ በቁጥር ነው የሚከፈለው እንበል። ለቆራጭ 40፣ ለበያጅ 130፣ ለሚሞርደው 40፣ ለቀቢው 40። ድምር 250።

1,250ዋ መጣች። ልጁ ሳቀ። "ለዚች ነው ሦስት ሰዓት የፈጀነው?" አዎ፣ ለዚች ነው።

4. ቋሚ ወጪውና ብሬክ ኢቨኑ

አንድ በርጩማ ተሠራ አልተሠራ በየወሩ የሚወጣውን ጻፉ።

የቤት ኪራይ 12,000።
የወር ደመወዝተኛው ኃላፊ 12,000።
ለሱ አሠሪው የሚከፍለው ጡረታ 11 በመቶ፣ 1,320። ይቺን የማይረሳ ተማሪ አላየሁም። ሠራተኛው የሚከፍለው 7 በመቶ ከደመወዙ ላይ ስለሚቆረጥ ተጨማሪ ወጪ አይደለም። 11ዱ ግን ከድርጅቱ ኪስ ነው።
የማሽኖች እርጅና 2,500። ማሽኖቹ 180,000 ተገዙ፣ 5 ዓመት ያገለግላሉ፣ በመጨረሻ 30,000 ያወጣሉ ብለናል። 150,000 ለ5፣ ከዚያ ለ12። የግብር ሕጉ የራሱ የእርጅና አሠራር አለው፤ ለግብር ስታሰሉ እሱን ተከተሉ።
መብራት፣ ስልክና ሌላው 2,180።

ድምር 30,000 ብር።

ከአንድ በርጩማ የሚተርፈው 1,750 − 1,250 = 500። 30,000 ለ500፣ 60 በርጩማ። 20,000 ብር ትርፍ የሚፈልግ 50,000ን ለ500 ያካፍል፤ 100።

አሁን ጥያቄውን አጣሙት። 1,750ው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ደንበኛው "1,750 ብር ብቻ ነው የምሰጥህ" ብሎ ከተከራከረና ደረሰኝ ከቆረጣችሁለት፣ በውስጡ 15 በመቶ ቫት አለ። 1,750ን ለ1.15 አካፍሉ፤ የእናንተ ድርሻ 1,521.74 ብቻ ነው። ትርፉ ከ500 ወደ 271.74 ወረደ። ብሬክ ኢቨኑ ከ60 ወደ 111 ወጣ። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? 1,750ን በ15 በመቶ ቀንሶ 1,487.50 የሚልም አይጠፋም። እሱም ስህተት ነው፤ ቫቱ የሚሰላው ቫት በሌለው ዋጋ ላይ ነውና።

5. ወደ ጆርናል (የዕለት የሂሳብ መዝገብ) አስገቡት

ዴቢትና ክሬዲትን በቃል አትሸምድዱ። ዴቢት ግራ ነው፣ ክሬዲት ቀኝ ነው፤ አንዱ ደግ ሌላው ክፉ አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ጣልያናዊ መነኩሴ ይህን አመዘጋገብ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ አሳትሞ ካወጣው ወዲህ ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። በእያንዳንዱ ድርጊት ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። ምን መጣ? እሱ ዴቢት ነው። ከየት መጣ? እሱ ክሬዲት ነው።

8 ቤርጋ በዱቤ ገዛን። 7,200 ብር፣ ቫቱ 1,080።

ዴቢት፦ ጥሬ ዕቃ 7,200
ዴቢት፦ የግዢ ቫት 1,080
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 8,280

ቫቱን ጥሬ ዕቃ ላይ አትደርቡት። ድርጅቱ በቫት ከተመዘገበ ያ ገንዘብ ከሽያጭ ቫት ላይ የሚቀነስ ነው።

ብረቱ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ሥራ ገባ።

ዴቢት፦ በሂደት ላይ ያለ ሥራ 6,460
ክሬዲት፦ ጥሬ ዕቃ 6,460

መጋዘን የቀረው 740 ብር ነው። አሁን ተነሡና ሂዱ፤ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ቱቦላሬ ለኩ። 494 ሳንቲ ሜትር ናት። በ900 ብር ሒሳብ 740 ገደማ ትሆናለች። መዝገቡና መደርደሪያው አንድ ነገር ከተናገሩ ሥራችሁ ልክ ነው። ብዙ ትንንሽ ወርክሾፖች 7,200ውን ባለበት ወጪ ይሉትና ያቺን ቤርጋ ይረሷታል። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲመጣ "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" ይባላል።

የፕላይውዱን፣ የቀለሙንና የእጅ ዋጋውን በተመሳሳይ መንገድ አስገቡ። ሲያልቅ ከ"በሂደት ላይ ያለ ሥራ" ወደ "ያለቀ ምርት" ይሻገራል።

አሥሩ በጥሬ ገንዘብ ተሸጡ።

ዴቢት፦ ጥሬ ገንዘብ 20,125
ክሬዲት፦ ሽያጭ 17,500
ክሬዲት፦ የሽያጭ ቫት 2,625

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደብተሩን ይዘጋል። ግማሹ ገና ነው። በርጩማዎቹ ከመጋዘን መውጣታቸው አልተጻፈም። የተሸጠው ዕቃ ወጪ ዴቢት፣ ያለቀ ምርት ክሬዲት። በስንት ብር? እሱ ነው ቀጣዩ ክርክር።

6. ትርፉ 15,000 ነው ወይስ 18,000?

በወሩ 100 በርጩማ ሠራን እንበል፤ 90 ሸጥን፤ 10 መጋዘን አለ። ቋሚ ወጪው በሙሉ የወርክሾፑ ነው ብለን እንነሣ።

አንደኛው መንገድ፦ ቋሚ ወጪውን በሙሉ የወሩ ወጪ አድርጉት። 90 × 500 = 45,000፤ ከሱ 30,000 ቀንሱ፤ 15,000።

ሁለተኛው፦ 30,000ውን ለ100ው በርጩማ አከፋፍሉት፤ ለአንዱ 300። ወጪው 1,550 ሆነ፤ ከ1,750 ላይ የሚተርፈው 200። 90 × 200 = 18,000።

ያው ወርክሾፕ፣ ያው ወር፣ ያው ገንዘብ። 3,000 ብር ከየት መጣ? መጋዘን ከቀሩት 10 በርጩማዎች ጋር ተቀምጧል፤ 10 × 300። ይህን አንዴ በእጃችሁ ካወቃችሁት ምዕራፉን በሙሉ ይዛችሁታል።

ለውጪ የሚቀርበው የሂሳብ መግለጫ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 አይኤፍአርኤስን (ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) የአገራችን መለኪያ አድርጎታል፤ እዚያ ደግሞ የማምረቻ ቋሚ ወጪ የምርቱ ዋጋ ውስጥ ይገባል። አከፋፈሉም በመደበኛ የማምረት አቅም ነው። ወርክሾፑ በደህና ጊዜ 150 የሚሠራ ከሆነ ለአንዱ 200 ብር ነው የሚደርሰው። ሥራ ስለቀነሰ ብቻ በርጩማው ውድ ሆነ ማለት አይቻልም። ለውስጥ ውሳኔ ግን እኔ ሁልጊዜ አንደኛውን ነው የማየው። መጋዘን በመሙላት ትርፍ የሚያሳይ ሒሳብ ባለቤቱን ያታልላል።

የዕቃ አወጣጥ ዘዴውንም በዚሁ ተለማመዱ። መጋዘን 4 ቤርጋ በ900 ነበር፤ 6 በ1,000 ተገዛ፤ 8 ወጣ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ ካላችሁ፣ 3,600 + 4,000 = 7,600 ወጣ፣ 2,000 ቀረ። በአማካይ ዋጋ ካላችሁ፣ 9,600 ለ10፣ አንዱ 960፤ 7,680 ወጣ፣ 1,920 ቀረ። ኋላ የገባ ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ደግሞ ከአሜሪካ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ። እዚያ ይፈቀዳል፤ አይኤፍአርኤስ ግን አይቀበለውም። ለፈተና እወቁት እንጂ ሌሊት አትደሩበት።

7. ማነቆው የት ነው?

ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያውን ክፈቱና ወርክሾፕ ግቡ። ኮሌጃችሁ ወርክሾፕ ከሌለው ሰፈር ያለው በያጅ አይከለክላችሁም፤ ሻይ ጋብዙት። አንድ በርጩማ ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ። የመጀመሪያው ሁሌም ቀርፋፋ ነው። አምስት ለኩና አማካዩን ውሰዱ። በያጁ ከማጠናከሩ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት ዲያጎናሎች ሲለካ ታያላችሁ። እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ልክ ነው፤ በእኛ በርጩማ ሁለቱም ወደ 51 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ያ መለካትም ጊዜ ስለሚወስድ ከብየዳው ሰዓት ጋር ቁጠሩት።

እኛ የያዝነው፦ መቁረጥ 20 ደቂቃ፣ ብየዳ 60፣ መሞረድ 28፣ ቀለም 30። በየቦታው አንድ ሰው አለ፤ የቀኑ የሥራ ጊዜ 420 ደቂቃ ነው።

ቆራጩ በቀን ለ21 በርጩማ ይቆርጣል። የሚሞርደው 15፣ ቀቢው 14። በያጁ 7፤ ማነቆው እሱ ነው። እንግዲህ ወርክሾፑ በቀን 7 ነው የሚያወጣው። በ24 የሥራ ቀን 168።

ባለቤቱ ቆራጩ ሲሯሯጥ አይቶ "ሌላ ግራይንደር ልግዛ?" ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ከገዛ በቀን ያው 7 ነው። የሚጨምረው በብየዳው ደጃፍ የሚቆለለው የተቆረጠ ብረት ብቻ ነው። ሁለተኛ በያጅ ከነማሽኑ ቢጨምር ግን 14 ይሆናል፤ ማነቆው ያን ጊዜ ቀለም ቤትም ይደርሳል።

መብራት ለአንድ ሰዓት ጠፋ እንበል። ቆራጩ ነገ ያካክሰዋል፤ ሰዓት ተርፎታል። በያጁ ግን አያካክስም። ገበያው የተሠራውን ሁሉ የሚወስድ ከሆነ አንድ በርጩማ፣ ማለትም 500 ብር ቀረ። ጄኔሬተር ለአንድ ሰዓት ከ500 በታች የሚፈጅ ከሆነ ለብየዳው አስነሡት።

ቀጥሎ የምወደው ጥያቄ። በወር 100 እየሠራችሁ ነው። አንድ ካፌ የሚከፍት ሰው 40 በርጩማ በ1,400 ልውሰድ አለ። የአካውንቲንጉ ተማሪ "ወጪያችን 1,550 ነው፤ በየአንዳንዱ 150 እንከስራለን" ይላል። የአክስቴ ልጅም ያለው ይህንኑ ነው። ግን ኪራዩ ለ100ውም ለ140ውም ያው 12,000 ነው። የሚጨምረው 1,250 ብቻ ነው። ከአንዱ 150፣ ከ40ው 6,000 ብር ይገኛል። አቅም አላችሁ፤ ተቀበሉ።

አሁን 168ቱንም በ1,750 የምትሸጡበት ወር ነው በሉ። 40ውን ለካፌው ስትሰጡ 40 ደህና ደንበኛ ትመልሳላችሁ። በእያንዳንዱ 350፣ በድምሩ 14,000 ብር ይቀርባችኋል። ያው ጥያቄ፣ ያው ዋጋ፣ መልሱ ተገላቢጦሽ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካፌው ከሱቃችሁ ፊት ለፊት ከሆነና የ1,750 ደንበኞቻችሁ ዋጋውን ከሰሙ፣ 6,000ዋ ወዲያው ትተናለች። ይህን ቀመሩ አይነግራችሁም።

8. ትሪያል ባላንሱ አልገጥም ሲል

ትሪያል ባላንስ የሁሉም ሂሳቦች ዴቢትና ክሬዲት ተደምሮ እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር ነው። እኩል ካልሆነ ከላይ አንድ በአንድ መፈተሽ አትጀምሩ። መጀመሪያ ልዩነቱን እዩ።

ለ9 እኩል ከተካፈለ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል። 5,310ን 5,130 ብሎ የጻፈ ሰው 180 ይጎድልበታል፤ 180 ለ9፣ 20። ለ2 ከተካፈለ፣ የልዩነቱን ግማሽ የሚያክል ቁጥር ፈልጉ፤ ዴቢት የሚገባው ክሬዲት ገብቶ ይሆናል። ሁለቱም ካልሆነ የልዩነቱን ያህል ብር ራሱን ፈልጉ፤ አንዱ ወገን ሳይጻፍ ቀርቶ ይሆናል።

ከገጠመም አትደሰቱ። ሙሉ በሙሉ የተረሳ ደረሰኝ፣ ወይም የቀለም ወጪ መብራት ላይ ተጽፎ ሲገኝ፣ ትሪያል ባላንሱ ምንም አይልም።

ሦስት ጥያቄ ለእናንተ

መልሱን ሳታዩ ሥሩ። ልጁ መልሱን በእጁ ሸፍኖ ነው የሠራው፤ ሁለተኛውን ስቷል።

ሀ. ቱቦላሬ ከ900 ወደ 1,080 ጨመረ። ሌላው ሁሉ ያው ነው። ብሬክ ኢቨኑ ስንት ሆነ?

ለ. ባለቤቱ ብረት ለመቆጠብ እግሩን ከ45 ወደ 44 አሳጠረው። እግር ብቻ ከሚቆረጥበት ቤርጋ ስንት ተጨማሪ እግር ተገኘ? ማገሩን ከ30 ወደ 29.5 ቢያደርገውስ?

ሐ. በያጁ ለሦስት ቀን ታመመ፤ ተተኪ የለም፤ ወሩ ሙሉ ትዕዛዝ ያለበት ነው። ስንት ብር ቀረ?

መልስ። ሀ. ለአንዱ በርጩማ የሚገባው ብረት ከ646 ወደ 775.20 ይወጣል። የሚተርፈው 370.80 ነው፤ 30,000ን ስታካፍሉት 80.9፣ ስለዚህ 81 በርጩማ። ለ. ከእግሩ ምንም አልተገኘም። 44ም ቢሆን ከአንድ ቤርጋ 13 ነው የሚወጣው፤ አሥራ አራተኛው የሚገኘው እግሩ 42.5 ሲደርስ ነው። ማገሩ ግን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ከ19 ወደ 20 ይዘላል። ሐ. 21 በርጩማ፣ 10,500 ብር። የእጅ ዋጋው በቁጥር ስለሆነ ለነዚያ ቀናት አልተከፈለም፤ ኪራዩ ግን ተከፍሏል።